ጅማ ላይ ፋብሪካ ፍለጋ

ጅማ የሚሄድ ሰው ቡናና ማር ይዞ እንዲመለስ ይጠበቃል። እኔ የሄድኩት ፋብሪካ ልፈልግ ነው።

ነገሩን ያመጣው የወንድሜ ልጅ የጂኦግራፊ የቤት ሥራ ነው። «የኢትዮጵያን ዋና ዋና የኢንዱስትሪ ከተሞች ጻፍ፤ ምን እንደሚያመርቱም ግለጽ» ይላል። አብረን ቆጠርን። አዲስ አበባና አቃቂ። ድሬዳዋ። ወንጂ። ባሕር ዳር። ኮምቦልቻ። ሐዋሳ። ልጁ እርሳሱን አፉ ውስጥ ከትቶ አሰበና «እቴቴ ያለችበት ጅማስ?» አለኝ። እኔ አቃቂ ያደግሁ፣ የፋብሪካ ጡሩንባ እየቀሰቀሰኝ ትምህርት ቤት የሄድኩ ሰው ነኝ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ነው። ሆኖም መልስ አጣሁ። ዕረፍትም ነበረኝ፤ አክስቴንም ካየኋት ቆይቻለሁ። ተነሳሁ።

ቀን 1፣ ረቡዕ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ጊዜው ኅዳር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል።

ዓለም ገናንና ሰበታን እስክናልፍ ድረስ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሁሉ ፋብሪካ ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ብረታ ብረት፣ ፕላስቲክ፣ ደግሞ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅ ረጅም የቆርቆሮ ግንብ። ከሰበታ በኋላ ግን ድንገት ያልቃል። ጤፍ፣ ሽንብራ፣ ከብት። አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም የሚነሳው እዚሁ ሰበታ ላይ ነው፤ እሱ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ እኛ ወደ ደቡብ ምዕራብ። ለሐዲዱ ጀርባችንን ሰጥተን ነው ጉዞው የሚጀመረው። ይቺን ነገር ያኔ ልብ አላልኳትም።

ወሊሶ ሻይ። ወልቂጤ ክትፎ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ክትፎ መብላት ነውር ቢሆንም ወልቂጤ ደርሶ አለመብላት የባሰ ነውር ነው። ከዚያ የጊቤ በረሃ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ጎማ ተነፈሰ። ክሪኩ አልሠራ ብሎ አንድ ሰዓት ከግማሽ ፀሐይ ላይ ቆምን። ረዳቱ «አሁን ነው፣ አሁን ነው» እያለ አፅናናን።

ከሰኮሩ በኋላ አሰንዳቦ ሳንደርስ የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ታየ። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ግልገል ጊቤ 184 ሜጋዋት ያመነጫል። ውሃው እዚያ አያበቃም። ተርባይኑን ዞሮ ከወጣ በኋላ በተራራ ሆድ ውስጥ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ተጉዞ ኦሞ ሸለቆ ላይ ይወድቅና 420 ሜጋዋት ይጨምራል። ይሄ ሁለተኛው ጊቤ ነው። በጥር 2002 ተመርቆ ቀናት ሳይቆይ ዋሻው ውስጥ ድንጋይ ተናደና ለወራት ቆመ። ሦስተኛው ጊቤ ርቆ ወደ ታች ነው፤ 1,870 ሜጋዋት። የሀገሪቱን ፋብሪካዎች ለዓመታት ያንቀሳቀሰው ትልቁ ጉልበት ከዚህ ተፋሰስ የወጣ ነው።

ማታ እቴቴ ቤት ደረስኩ። እንጀራው ቀረበ፣ ወጡ ተጨለፈ። መብራት ጠፋ።

«አይዞህ፣ ይመጣል» አለች እቴቴ ሻማ እየፈለገች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ቀን 2፣ ሐሙስ

ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው። ሂርማታ ይባል የነበረው ገበያ ከተማዋ ከተማ ሳትሆን በፊት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሲራራ ነጋዴው ከየአቅጣጫው እየመጣ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን በበቅሎ ጭኖ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይወጣ ነበር። ዛሬ ባጃጅ ጫካ ሆኖ ነው የተቀበለኝ።

የምፈልገው በርጩማ ነበር። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር አለው፤ መቀመጫው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ከነእግሩ ከአንድ ግንድ ይወጣል። ሚስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም። ከሚሠሩት ሰዎች አንዱን አገኘሁና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ዕድሜው ስድሳን ያለፈ ነው። መጥረቢያውን ያነሳል፣ ይጥላል፤ ዓይኑን ሌላ ቦታ አድርጎ እያወራ እንኳ ስለቱ አይስትም።

«ጋሼ፣ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እንጨቱ ካልደረቀ መልካም ነው። ከደረቀ በኋላ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ነው ይሄ። እርጥቡን ትቀርጸዋለህ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ትተወዋለህ። ቀኑን እኔ አልቆጥርም።»

«ልጆችህ ይሠራሉ?»

«አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ነርስ ናት።» ትንሽ ዝም አለ። «ማን ይሠራዋል? ድሮም እኮ በእጁ የሚሠራ ሰው አይከበርም።»

ልክ ነው። ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ነው የኖርነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ሥር ስለሰደደ ነው። ከዚያም በፊት አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የውጭ ሀገር ሚስዮናውያንንና የሀገሬውን አንጥረኛ ሰብስበው ሴባስቶፖልን አስፈሰሱ፤ ያ መድፍ እንደ ከባድ ኢንዱስትሪ ሙከራ ሊቆጠር ይችላል። መቅደላ እስኪደርስ ወራት ተጎተተ። ጋፋት ግን ፋብሪካ ሆኖ አልቀጠለም። ንጉሡ ሲሄዱ እሳቱም ጠፋ።

ስለ ሀገራችን ኢንዱስትሪ ሲወራ ጨዋታው ሁሌ ከካፒታልና ከውጭ ምንዛሬ ይጀምራል። እኔ ግን ከዚህ ሰውዬ መጥረቢያ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ተከራክረን አንድ በርጩማ ገዛሁ። የተከራከርኩበት አሁን ያሳፍረኛል። ማታ ለወንድሜ ልጅ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። «ከአንድ እንጨት?» አለ። «ከአንድ እንጨት።»

ቀን 3፣ ዓርብ

ጠዋት ጅሬን ወጣሁ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። የእንጨቱ ሥራ፣ ሰገነቱ፣ ከዚያ ላይ ሆኖ ከታች የተዘረጋው ከተማ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ መጀመሪያ ከነገሡ በኋላ ለምኒልክ በሰላም ገብተው፣ ግብር እየከፈሉ፣ ግዛታቸውን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ያቆዩ ንጉሥ ናቸው። ጦርነት ስላልነበረ ነጋዴ መጣ። ነጋዴ ስለመጣ ጅማ ሀብታም ሆነች። ለጁምዓ አዛን ሲወጣ ወረድኩ።

የዕለቱ ዋና ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ነው። የእቴቴ ጎረቤት የሆኑ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ቡና ላይ መጡ። የኤንትሬ ሹፌር ነበሩ፤ ያቺ ፊያት ተሳቢዋን እየጎተተች ዳገት ላይ ስታቃስት ያላየ የኔ ዕድሜ ሰው የለም። ፋብሪካ ፍለጋ እንደመጣሁ እቴቴ ነገረቻቸው። እንደ ቀልድ ነው የነገረቻቸው። እሳቸው ግን ቁም ነገር አደረጉት።

«እኔ ኢትዮጵያን በጭነት ነው የማውቃት» አሉ። «ሲሚንቶ ስትለኝ ድሬዳዋ፣ ኋላ ደግሞ ሙገር። ስኳር ስትለኝ ወንጂ። አቡጀዲ ስትለኝ አቃቂና ባሕር ዳር። ነዳጅ ስትለኝ አሰብ፣ ሩሲያ የሠራችው ማጣሪያ ደጃፍ።»

«ጅማ ስሎትስ?»

«ቡና። ሌላ ምን አለ? ወደ ጅማ ስመጣ የተሠራ ነገር ጭኜ እመጣለሁ። ከጅማ ስወጣ ያልተሠራ ነገር ጭኜ እወጣለሁ። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው።»

ያ ንግግር እንቅልፍ ነሳኝ። እሳቸው የጠሯቸውን ከተሞች አንድ በአንድ ስታያቸው እያንዳንዱ ፋብሪካ እዚያ ቦታ ያረፈበት ምክንያት አለው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ሐረር መውጣት አቅቶት በ1895 ዓ.ም. ተራራው ሥር ቆመ፤ ከተማው መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ባቡሩ ዕቃ አመጣ፣ ጣሊያን በያዘን ዘመን ሲሚንቶው ተተከለ፣ ጨርቃ ጨርቁ ተከተለ። የኔዋ አቃቂም ወንዝና ባቡር ጣቢያ ስላላት ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረው ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነጻ ከወጣች በኋላ እግሩ ከዚያ ሲነቀል ሌላ ቦታ ይፈልግ ስለነበር ነው፤ አዋሽ ዳር ሜዳና ውሃ አገኘ። ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው የተሠራው። የቆቃ ግድብም ከዚያው ካሣ ነው። ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ሲሠራ ብርሃኑ የሄደው መጀመሪያ ወደዚያ ፋብሪካ ነው። ሙገር የኖራ ድንጋዩን ተከትሎ ነው።

ሐዲድ፣ ወንዝ፣ ድንጋይ፣ ካሣ። ጅማ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ደረሳት? ጣሊያን የደቡብ ምዕራቡን ግዛት ከዚህች ከተማ ሆኖ ነበር የሚያስተዳድረው። መንገድ ሠራ፣ መንደር ዘረጋ፣ ሕንፃ አቆመ። አንዳንዱ ዛሬም ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። ሐዲድ ግን አላመጣም። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ2003 አካባቢ በተወራው የባቡር መረብ ዕቅድ ላይ የጅማ መስመር ተሥሎ ነበር። ካርታው ላይ ነው ያለው።

ቡናው በሰው ጀርባ፣ በበቅሎ፣ ከዚያ በኤንትሬ ወጣ። ለረጅም ጊዜ ከሀገሪቱ የውጭ ምንዛሬ ትልቁን ድርሻ ያመጣው ቡና ነው። ማሽኑ፣ ክሩ፣ መለዋወጫው በዚያ ዶላር ይገዛ ነበር። ስለዚህ የአባቴን የሽመና ማሽን በከፊል የገዛው ጅማ ነው ማለት እችላለሁ። አባቴ ይሄን ሳያውቅ ሞተ። እኔም እስከ ዓርብ አላውቅም ነበር።

«በ67ቱስ?» አልኳቸው ሹፌሩን። በጥር 1967 ደርግ ከ70 በላይ ፋብሪካዎችን ሲወርስ ማለቴ ነው።

«ምን ተለወጠ? ባለቤቱ ተቀየረ። ጭነቱ ያው ነው።»

ሦስተኛው ቡና ላይ ተነሱ።

ቀን 4፣ ቅዳሜ

ወደ አጋሮ በሚኒባስ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ቡና። ኅዳር ስለሆነ ፍሬው ቀልቷል። መንገድ ዳር ሸራ ላይ የተሰጣ ጀንፈል፣ ከነቆዳው የሚደርቅ ቡና፣ አለ፤ ውሻ ሲያልፍበት ልጆች ይጮኹበታል።

መንገዱ በመልኮ በኩል ነው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያ ነው ያለው። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው ሻጋታ ኢትዮጵያ ገብቶ ፍሬውን ዛፉ ላይ እያለ ያጠቁረው ነበር። ተመራማሪዎች ጫካና ማሳ ለማሳ ዞረው በሽታ ያልነካውን ዛፍ ፍለጋ ወጡ። መቱ አካባቢ ከተገኙት መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉት ዛሬም ገበሬው ጓሮ ውስጥ አሉ። ሰባ አራት የፈረንጆቹ 1974 ነው። ከአጠገቤ የተቀመጠው ገበሬ ቁጥሩን እንደ ከብት ስም ነው የሚጠራው፤ «ያቺ አንድ አስሯ ጥሩ ናት፣ አጭር ናት፣ ለለቀማ አትቸግርም።»

አጋሮ አካባቢ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ገባን። ይሄን በደንብ ልተርክ፤ ለካ የምፈልገው ፋብሪካ እዚህ ነበር።

እሸቱ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት የተለቀመው በዚያው ቀን መግባት አለበት፣ ካደረ ይበላሻል። ሴቶች ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ያልበሰለውን ከቀዩ ይለያሉ። ይመዘናል። ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የሚንሳፈፈው ይወገዳል። ከዚያ መፈልፈያው ማሽን ቀዩን ቆዳ ገፎ ይተፋዋል። ፍሬው የሚያዳልጥ ልጋግ እንደለበሰ ወደ ገንዳ ይወርድና አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያድራል። ሽታው እንደ ጠላ ድፍድፍ ነው። ልጋጉ ሲለቅ በረጅም የሲሚንቶ ቦይ ውስጥ በእንጨት እየተገፋ ይታጠባል። እዚያ ላይ የሚሠሩት ወጣቶች ይዘፍናሉ፤ መግፋቱ ዜማ ይፈልጋል። ቀጥሎ ሽቦ የተወጠረበት አልጋ ላይ ይሰጣል። ቀን ፀሐዩ ሲበረታ ይሸፈናል፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈናል። ሴቶቹ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ጉድለት ያለበትን ፍሬ በጣታቸው ይለቅማሉ። ከአምስት ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ነው የሚወጣው።

ይሄ ማምረት ካልተባለ ምን ማምረት ይባላል? ጥሬ ዕቃ ይገባል፣ ኃይል ይወጣል፣ ማሽን አለ፣ ጥራት ቁጥጥር አለ፣ ፈረቃ አለ። ጡሩንባ ብቻ ነው የሌለው።

ደግሞም ለውጥ ያመጣል። የጅማ አካባቢ ቡና ለረጅም ጊዜ መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ ደርቆ፣ በርካሽ የሚሸጥ ነበር፤ ስሙ ጥሩ አልነበረም። ከዚያ ማኅበራት ማጠቢያ ተከሉ። እዚሁ አጋሮ አካባቢ ያለው ዱሮሚና የሚባለው ማኅበር በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ ደረጃ በተካሄደ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው፣ አፈሩ ያው። የተለወጠው አሠራሩ ነው።

ግን እዚህም ላይ ያቆማል። ቡናው በጆንያ ሆኖ ጥሬውን ይወጣል። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ የሚላከው ጥቂት ነው። ካመረትነው ግማሽ ያህሉን እኛው እንጠጣዋለን፤ እሱን የሚቆላው ደግሞ የእቴቴ ምጣድ ነው። በዚህ ስሌት የሀገሪቱ ትልቁ የቡና መቁያ ፋብሪካ የየቤቱ ጓዳ ነው።

ማታ አስተናጋጃችን ቡና ቀላ አቀረቡልን፤ ከነቆዳው በቅቤ የተጠበሰ ቡና። ይቆረጠማል። እኔ የአቃቂ ልጅ ሁለት እፍኝ ጨርሼ እስከ ንጋት ጣሪያ ሳይ አደርኩ።

ቀን 5፣ እሑድ

የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክን ከውጭ ነው ያየሁት። ፈቃድ ሳልይዝ፣ በእሑድ፣ በባጃጅ ሄጄ ልግባ አልልም። በኅዳር 2011 ነው የተመረቀው። 9 ትልልቅ ሼዶች ያሉት ነው። በሐምሌ 2008 የተመረቀው የሐዋሳው 52 ሼድ አለው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ መንግሥት ሼድ ይሠራል፣ መንገድና መብራት ያስገባል፣ ባለሀብቱ ማሽኑን ይዞ ይገባል። ሐዲድን ወይም ወንዝን መጠበቅ ቀርቶ ፋብሪካን በውሳኔ ማስቀመጥ ነው። ደፋር ሐሳብ ነው፤ እኔም አልጠላሁትም። ግን ካርታው ይቅር አይልም። ከጅማ የተነሳ ኮንቴይነር አዲስ አበባ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ጅቡቲ ለመድረስ በባቡር ሌላ 750 ገደማ አለበት። ጨርቁ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ያንኑ መንገድ ሁለቴ ነው የሚሄደው።

ባጃጁን የሚነዳው ልጅ እኅት ሐዋሳ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሠርታ የተመለሰች ናት። ቤታቸው ወሰደኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው ከአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ገበያ ስትሰረዝ ትዕዛዝ ቀንሶ ብዙዎች ተበተኑ፤ እሷም ያኔ ነው የወጣችው።

«ምን ነበር የምትሠሪው?»

«ኦፕሬተር ነበርኩ። አንገት።»

«አንገት?»

«የሸሚዝ አንገት። ቀኑን ሙሉ አንገት። ሁለት ዓመት ከምናምን።» ሳቀች። «ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም እኮ። አሁን እዚህ ማሽን ገዝቼ ነው የተማርኩት።»

ጥጉ ላይ ሲንጀር አለ፤ አጠገቡ ዩኒፎርም ተቆልሏል። የትምህርት ቤት ነው። ፍጥነቱን ከዚያ ነው ያገኘሁት አለች። በሰዓት ስንት እንደምትጨርስ ሳታቋርጥ ነው የምትቆጥረው፤ ልማዱ አልለቀቃትም።

እናቷ ቡና አፈሉ። የተቀመጥኩት በርጩማ ላይ ነው፤ ሦስት እግር።

ሰኞ፣ መመለሻ

ጊቤ ዳገት ላይ ቡና ከጫነ ተሳቢ ኋላ ተጣብቀን ግማሽ ሰዓት አዘገምን። ሹፌራችን ሊቀድመው ሦስቴ ሞከረ፣ ሦስቴም ተመለሰ። በርጩማዬን ጉልበቴ መሃል ይዣለሁ፤ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ ይሰነጠቃል ብዬ ፈርቼ።

ሰበታ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቷል።

«የቤት ሥራውን ጠዋት አስረከብኩ።»

«ጅማን ጻፍካት?»

«ጻፍኳት። ምን ታመርታለች የሚለው ላይ ‹በርጩማ፣ ከአንድ እንጨት› ብዬ ሞላሁ።»

«መምህሩ ምን አለ?»

«ገና አላረመውም።»